የደግ ቤት ሕግ

ሎስ አንጀለስ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2013

ለተከበሩ እትዬ የሺሃረግ፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የዕረፍት እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። እኔም፣ ባለቤቴ ዶርቃም፣ ልጃችን ኤልያናም በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ጆሮዎ ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ ልለምድ ነው። በእጄ ከጻፍኩ ስለቆየሁ ፊደሌ ቢያስቅዎ አይፍረዱብኝ።

የዛሬውን ደብዳቤ እንደ እናቴ የአጎት ልጅ ብቻ ሳይሆን እንደ ትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አባልም ያንብቡልኝ። ባለፈው እሑድ ከቸርች በኋላ ፌርፋክስ ላይ በምንሰበሰብበት ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ሚቲንግ ነበረን። እንደሚያውቁት ማኅበራችን መስማት ለተሳናቸው ልጆቻችሁ ክፍል ማሠሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ራት ሲያዘጋጅ፣ ቲሸርት ሲሸጥ ቆይቷል። የሚመጣው ሰው ያው ነው፤ ከሚያዋጣው የሚበላው ይበልጣል። ሶ፣ ሊቀመንበራችን ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ ዌስትውድ የጥርስ ሐኪም ናቸው፣ «ፈረንጆቹ የሚያደርጉትን እናድርግ፤ ካዚኖ ናይት» አሉ።

ጡረታ የወጡት ጋሼ ወንዳፍራሽ ቀና ብለው፣ «ቁማር ነው የምትይው፣ ሰርኬ?» አሏቸው።

«ቁማር አይደለም ጋሼ፤ ጨዋታ ነው። ብሩ ቀድሞ የልጆቹ ሆኗል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው የመግቢያ ትኬት ይገዛል፤ በምትኩ ቺፕ የሚባል የጨዋታ ጠጠር ይሰጠዋል። ጠጠሩ በገንዘብ አይመነዘርም። ጠጠር ያለቀበት በዶኔሽን ሌላ ይገዛል። በመጨረሻ የተረፈው ጠጠር በዕጣ ቁጥር ይለወጥና ሰዎች የለገሱት ዕቃ ይወጣል። በካሊፎርኒያ ሕግ አንድ ማኅበር ይህን በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ሽልማቱም ጥሬ ገንዘብ መሆን አይችልም። ካርታ የሚያድል ሰው ከመቅጠር ራሳችን ብንለማመድ ይረክሳል ተብሎ፣ ብላክጃክ የሚሉትን ጨዋታ እኔ እንዳድል ተመረጥኩ። መሥሪያ ቤት ፔይሮል፣ የደመወዝ ሒሳብ፣ ስለምሠራ ቁጥር ይቀለዋል ብለው ነው መሰለኝ።

ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በዚህ መንገድ የመጣ ገንዘብ ትቀበላላችሁ? የኛ ፓስተር ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ እምቢም እሺም አላሉም።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።

አክባሪዎ አምሃ


ናዝሬት፣ ኅዳር 2 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአምሃ፣

ሰላም ለአንተና ለቤትህ ሁሉ ይሁን። ዶርቃን ሳምልኝ፤ «ኤልያናን ባርኪልኝ» ብላለች በላት። ፊደልህ ድሮም እንዲሁ ነበር፤ አሜሪካን አትውቀስ።

ደብዳቤህን ለኮሚቴው አነበብኩት። እኔ ስብሰባ የምከታተለው ከንፈር እያየሁ ነው። ያን ቀን ሁሉም ተቆጥቶ አፉን በደንብ ስለከፈተ አንድም ነገር አላመለጠኝም። ሽማግሌያችን «የቁማር ብር እነዚህን ልጆች አይነካም» አሉ። ዳይሬክተሩ ሀይለገብርኤል ደግሞ፣ «እነዚህን ልጆች ዝናብ እየነካቸው ነው» አለ። ሦስተኛ ክፍል የሚማረው ሸራ ሥር ነው። ነፋስ ሲነሣ ሸራውን አራት ልጆች ይይዛሉ፤ እጁ የተያዘ ልጅ ደግሞ በምልክት ቋንቋ መመለስ አይችልም። መልስ የሚሰጡት በተራ ነው፤ ሸራ የያዙትን እንዘላቸዋለን።

ስለዚህ ተከፈልን። እኔን ሲጠይቁኝ «ሕጉን ሳላውቅ አልናገርም» አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ያልገባኝን ነገር አላወግዝም፣ አልከላከልምም። የጨዋታውን ሕግ አንድ በአንድ ጻፍልኝ። ማን ያሸንፋል? ቀድሞስ በምን ይታወቃል? ምንም የማታውቅ ተማሪ ፊት እንደቆምክ አድርገህ አስረዳኝ።

ካልሲህን የምትጎትት ልጅ ነበርክ፤ ቁም ነገረኛ ስትሆን አሁንም ትጎትት እንደሁ እንጃ።

ሰላምና ጤና አይለይህ።

የሺሃረግ


ሎስ አንጀለስ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2014

ለተከበሩ እትዬ የሺሃረግ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኛ ደህና ነን። ዝግጅቱ ባለፈው ሳምንት ተካሄደ። ኮሚቴው «ሕጉ ታውቆ ይታያል» ብሎ በሰርካዲስ በኩል ስላሳወቀን፣ ገንዘቡ ውሳኔያችሁን እየጠበቀ ባንክ ተቀምጧል። አሁን ሕጉን ልንገርዎ።

ከሃያ አንድ ሳያልፉ ወደ ሃያ አንድ መጠጋት ነው። ቁጥር ያለበት ካርታ እንደ ቁጥሩ ነው፤ ሥዕል ያለበት ሁሉ አሥር ነው፤ ኤስ የሚባለው እንደ ያዡ ፈቃድ አንድም አሥራ አንድም ይሆናል። ለተጫዋቹ ሁለት ካርታ ይታደላል፤ ለአዳዩም ሁለት፣ አንዱ ተገልጦ አንዱ ተደፍቶ። ተጫዋቹ ወይ «ጨምር» ይላል፣ ወይ «ይበቃኛል» ይላል። ከሃያ አንድ ካለፈ ተቃጠለ። አዳዩ ግን ምርጫ የለውም፤ እስከ አሥራ ስድስት ከሆነ ይጨምራል፣ አሥራ ሰባት ከሞላ ይቆማል። እኔ ማሰብ አይጠበቅብኝም ማለት ነው።

ቤቱ፣ ማለትም ጨዋታውን ያዘጋጀው ወገን፣ የሚያሸንፈው በተንኮል አይደለም። ተጫዋቹ ቀድሞ ስለሚጫወት ነው። እሱ ሲቃጠል ጠጠሩን አነሣለሁ፤ ከዚያ እኔም ብቃጠል አይመለስለትም። የኛ ቤት ደግሞ ሁለት ነገር ጨምሯል። እኩል ከወጣን አሸናፊው ቤቱ ነው። ኤስና አሥር በአንዴ የደረሰው ሰው ሌላ ቦታ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል፤ እኛ ጋ አንድ ለአንድ ነው። ይህን የመከረን ጠረጴዛ ያከራየን ሰውዬ ነው። «ጠጠሩ ቶሎ ሲያልቅ ሰው እንደገና ይለግሳል» አለን። እውነቱን ነው።

ክሬንሾው ላይ የተከራየነው አዳራሽ ሞላ። ጋሼ ወንዳፍራሽ እኔ ጠረጴዛ ተቀመጡ። አሥራ ዘጠኝ ያዙ፤ እኔም አሥራ ዘጠኝ ገለጥኩ።

«እኩል ነን!» አሉ እጃቸውን አንሥተው።

«እኩል የቤቱ ነው፣ ጋሼ።»

«ማን ወሰነ?»

«ወይዘሮ ሰርካዲስ።»

«እንግዲያውስ የልጆቹ ነው፤ ውሰደው» ብለው ከኪሳቸው ሃያ ዶላር አወጡና ጠጠር የምትሸጠውን ዶርቃን ጠሯት። ፓስተሩም መጥተው ነበር። ለስላሳ ይዘው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ አልተጫወቱም፣ አልሄዱምም።

ሰው ሲሸነፍ እየሳቀ ነው የሚነሣው። እንደዚያ ዓይነት ምሽት እዚህ አገር አላየሁም። ካልቨር ሲቲ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ትኬት ገዝቶ መጥቶ ነበር። «እጅህ ለዚህ የተሠራ ነው» አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን ደስ አለኝ።

የኮሚቴውን መልስ እንጠብቃለን። ጤናዎን ይጠብቁ።

አክባሪዎ አምሃ


ናዝሬት፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአምሃ፣

የትንሣኤው ጌታ ቤትህን ይጎብኝልኝ። ሰርካዲስ እንደነገረችህ ገንዘቡን ተቀብለናል። የሁለት ክፍል ግድግዳ ቆሟል፤ ጣሪያውና የተቀሩት ክፍሎች ለከርሞ ናቸው።

ኮሚቴው የፈቀደው ሕጉን ካስረዳኋቸው በኋላ ነው። ለማስረዳት ግን ካርታ መግዛት ነበረብኝ። ሱቅ ገብቼ «ካርታ» ብል ባለሱቁ የሞባይል ካርድ አወጣልኝ። በእጄ ሳሳየው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ዘይቱ ጀርባ ካለው መደርደሪያ አወጣ። የምጸልይበትን ቸርች ያውቃል።

ካርታውን ስምንተኛ ክፍል ይዤ ገባሁ። ግማሹ ተማሪ ቤት ሆነ፣ ግማሹ ተጫዋች፤ ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍን። እኩል የሚወጣው ከመቶ ዘጠኝ ያህል ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ቤቱ ሲወስድ፣ እንኳን የሚጫወት ሰው፣ የሚያይም ይራራል። ከዚህ የሚብስ ሕግ ማውጣት የሚቻል አይመስለኝም። ነገር ግን ቤቱ ትምህርት ቤቱ ስለሆነ፣ ጠጠሩም ስለማይመነዘር፣ የከፋ ሕግ ደግ ሥራ ሠራ። ሽማግሌያችን ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲህ ዶኔሽን ነው፤ በዙሪያ ጥምጥም የመጣ» አሉ።

ማግስቱን አንዲት እናት እየተቆጣች መጣች። ልጇ ራት ላይ በጣቶቹ «ተቃጠልሽ» እያለ ዳቦዋን እየወሰደባት ነው። ይቅርታ ጠየቅኩ። ካርታው አሁን ሀይለገብርኤል ቢሮ ተቆልፎበታል። ልጆቹ ግን ዕድልን በክፍልፋይ መጻፍ ችለዋል፤ በመጽሐፉ ሦስት ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።

አንተስ? ደብዳቤህ ላይ ስለ ራስህ የጻፍከው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ደስ አለኝ» የምትለው። ጨምረህ ጻፍ።

የሺሃረግ


ሎስ አንጀለስ፣ ኦገስት 17 ቀን 2014

ለእትዬ የሺሃረግ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶ ነው። ኦቨርታይም እሠራለሁ። ዶርቃና ኤልያና ደህና ናቸው። ማኅበሩ በሰኔው ምርጫ ትሬዠረር፣ ገንዘብ ያዥ፣ አድርጎኛል፤ ሶ፣ ቼክ የምፈርመው እኔ ነኝ።

አንድ የሒሳብ ጥያቄ አለኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ሕጉን እናሻሽል እያልን ነው። ኤስና አሥር አንድ ተኩል ቢከፍል፣ እኩል ሲወጣ ተጫዋቹ ጠጠሩን መልሶ ቢወስድ፣ መጀመሪያ ሁለት ካርታ ላይ ውርርዱን እጥፍ ማድረግ ቢፈቀድ፣ ካርታው ካላማረውም ግማሹን ትቶ እጅ መስጠት ቢችል፣ አዳዩም አሥራ ሰባት ላይ ሁልጊዜ ቢቆም፣ ለቤቱ ከመቶ ስንት ይቀራል? ተጫዋቹ አንድም ስሕተት አይሠራም እንበል። ስድስት ጥቅል ካርታ አብሮ ተደባልቆ ነው የሚታደለው።

ሌላ፣ አማቴ ቤትዎ ሲመጡ ስለ ካዚኖ ናይቱ ባያነሡባቸው ይሻላል። ሰው ነገር ያጋንናል።

ደህና ይሁኑልኝ።

አምሃ


ናዝሬት፣ መስከረም 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአምሃ፣

ዓመቱን ይባርክልህ። ከአማትህ ጋር በየሳምንቱ እንገናኛለን፤ የምናወራው ስለ ጉልበቷ ነው።

የጠየቅከው በእኔ እርሳስ የሚሠራ አልሆነም። የቀድሞ ተማሪዬ ለይኩን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ በኮምፒውተር ሠራልኝ። ስሕተት ለማይሠራ ተጫዋች ለቤቱ የሚቀረው ከመቶ ብር ግማሽ ብር እንኳ አይሞላም። ከሎተሪ፣ ከዕቁብ ጸሐፊ፣ ከማንም ይልቅ ደግ ቤት ነው።

ሒሳቡን ከጨረስኩ በኋላ ግን ሁለት ቀን ተቀመጥኩበት። በከፋው ሕግ ሁለት ክፍል አቁማችሁ፣ ቤቱ ድርሻውን እንዲጥል የምታሻሽሉበት ምክንያት አልታየኝም። ይህ ደግሞ አለ፦ በማይመነዘር ጠጠር የሚጫወት ሰው ግማሹን ትቶ እጅ አይሰጥም። እጅ የሚሰጠው የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ነው። እጅ መስጠትን ማን አስተማረህ?

ሌላም ልንገርህ፤ ይህ ሒሳብ ብቻ ነው። ግማሽ ብር ከመቶ የሚባለው ይዘኸው ከገባኸው ገንዘብ ላይ አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ካለፈው ሁሉ ላይ ነው። ያው መቶ ብር በአንድ ምሽት ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ ያልፋል። ክፉ ቤት ቶሎ ጨርሶ ወደ ቤትህ ይሸኝሃል። ደግ ቤት ነው የሚያስቀምጥህ። ማንም ቤት ለራሱ ካልበጀው ደግ አይሆንም።

ይህ የማይመለከትህ ከሆነ አሮጊት ናት ብለህ እለፈው። የሚመለከትህ ከሆነ ግን አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ የማኅበሩ ገንዘብ የሚወጣው በአንተ ፊርማ ብቻ ነው?

ለማንም አልተናገርኩም።

የሺሃረግ


ናዝሬት፣ ጥር 25 ቀን 2007 ዓ.ም.

አምሃ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። መልስ አላገኘሁም። ደብዳቤው ጠፍቶም ይሆናል፤ ጠፍቶ ከሆነ ምንም አላልኩህም።

ከፈረንጆቹ ገና በፊት ኮሚቴያችን አንድ ሐሳብ አጽድቆ ለሰርካዲስ ጽፏል። ከእንግዲህ ገንዘብ የምንቀበለው ሁለት ሰው ከፈረመበት ሒሳብ ብቻ ነው። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የማንንም ስም አላነሣሁም፤ ሀይለገብርኤል «ምነው በድንገት?» ሲለኝ «የሒሳብ አስተማሪ ነገር» አልኩት።

ስለ ገንዘብ አልጠይቅህም። በሕይወት መኖርህን ጻፍልኝ።

የሺሃረግ


ሎስ አንጀለስ፣ ማርች 22 ቀን 2015

ለእትዬ የሺሃረግ፣

አለሁ። ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል።

የመጀመሪያውን መኪና ውስጥ አነበብኩትና ዳሽቦርዱ ኪስ ከተትኩት። ለብዙ ሳምንት ተቀየምኩዎ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርኩ።

የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው። «እጅህ ለዚህ የተሠራ ነው» ያለኝ ሰውዬ ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ከከተማ ወጣ ብሎ በረሃው መንገድ ላይ ወዳለ ካዚኖ ወሰደኝ። ልይ ብዬ ነው የሄድኩት። ያን ቀን በላሁ። ሕጉ ከኛው ጋር ሲነጻጸር የማይታመን ደግ ነበር፤ እኩል ስንወጣ አዳዩዋ ጠጠሬን ወደኔ ስትገፋልኝ ስጦታ መሰለኝ። ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ መሄድ ጀመርኩ። ለዶርቃ ኦቨርታይም ነው አልኳት። የለይኩን ሒሳብ ሲመጣ ልክ እንደሆንኩ ቆጠርኩት፤ ግማሽ ብር ብቻ ነዋ። እትዬ፣ ሕጉን አንድ ቀን አልሳትኩም። የሳትኩት መነሣቱን ነው። ቤት ለመግዛት ያጠራቀምነው በዲሴምበር አለቀ።

የቀረው የማኅበሩ ቼክ ነበር። አንዱን በስሜ ጻፍኩት። «ከደመወዝ እመልሰዋለሁ» ብዬ ሸሚዜ ኪስ ይዤው ዞርኩ። የምሄደው ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ሰርካዲስ መሥሪያ ቤቴ ፓርኪንግ ድረስ ድራይቭ አድርጋ መጣች።

«የናዝሬቱ ኮሚቴ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል» አለችኝ ከመኪናዋ ሳትወርድ። «አንተ አንደኛው ነህ። ሁለተኛውን ራስህ ምረጥ።»

«ዶርቃ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። የኮሚቴያችሁ ደብዳቤ ባይመጣ ኖሮ ሐሙስ ምን አደርግ እንደነበርም አላውቅም፤ አውቃለሁ ብል እዋሽዎታለሁ።

ዶርቃ ባንክ ሄዳ ከመፈረሟ በፊት መንገር ነበረብኝ። ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ መኪና ውስጥ ነገርኳት።

«ኦቨርታይም ነው ያልከኝ።»

«አዎ።»

«የቤታችን ገንዘብ?»

«የለም።»

«የልጆቹስ?»

«አለ» ብዬ ቼኩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ትቀደዋለች ብዬ ነበር። አልቀደደችውም። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እስከ ዛሬ የት እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም። ለእናቷ ራሷ ነግራለች፤ እንግዲህ ስለ ጉልበት ብቻ ማውራት አይጠበቅባችሁም።

በሚቀጥለው ሚቲንግ የዘንድሮው ካዚኖ ናይት ሲነሣ፣ እንዳድል ሲጠይቁኝ ተነሥቼ «አልችልም» አልኩ፤ ለምን እንደማልችልም ተናገርኩ። ጋሼ ወንዳፍራሽ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቃቸውን አቆሙ። «ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ተነሥቶ አይመሰክርም፤ ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። ትሬዠረርነቱን ለሌላ ሰጡት። ከዚያ ስለ ዝግጅቱ ድምፅ ተሰጠ፤ ይቀጥል ተባለ። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ሰው አለ አሉ።

ትናንት ማታ ተካሄደ። እኔ ውጭ ቆሜ የእንግዶች መኪና ፓርክ ሳደርግ አመሸሁ። ዶርቃ ምግብ በሰሃን ይዛልኝ ወጣች፤ የአንድ የማላውቀው ሰው መኪና ላይ ተደግፈን በላን። ካለፈው ጥር ወዲህ አብረን ስንበላ የመጀመሪያችን ነው፤ ቤት የምትበላው ከኤልያና ጋር ነው።

«ማን ያድላል?» አልኳት።

«ሰርካዲስ።»

«ትችላለች?»

«አትችልም። ሰው ሁሉ እየበላት ነው፤ ደስታቸውን ብታይ!»

ከአምናው ይበልጥ ነው የተሰበሰበው። ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ እኔም ምን እንደምል አላውቅም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አምሃ


ናዝሬት፣ ሰኔ 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሃ፣

መኖርህን ስላሳወቅከኝ ጌታ ይባረክ። ደብዳቤህን አንብቤ አስቀመጥኩት እንጂ ለማንም አላሳየሁም።

የዘንድሮው ገንዘብ በሁለት ፊርማ መጣ። እንቀበል አንቀበል ተብሎ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አምና ያስፈቀድኩት እኔ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ተቃወምኩ። «ጠጠሩ አይመነዘርም ብያችሁ ነበር፤ ሕጉም ልክ ነው፣ ሒሳቡም ልክ ነው። ግን ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ የሄደ ሰው አውቃለሁ» አልኩ። ስም አልጠራሁም።

ሀይለገብርኤል ለእኔ ሲሆን ረጋ ብሎ መናገር ይሰለቸዋል፤ ወረቀት ስቦ ጻፈልኝ፦ «ሄዶ ተመለሰ ወይ?»

እኔም ከሥሩ «እንጃ» ብዬ ጻፍኩለት።

ድምፅ ሲሰጥ ብቻዬን ቀረሁ። አምና «አይነካም» ያሉት ሽማግሌ እንኳ እጃቸውን አወጡ፤ ክረምት እየገባ ነው አሉ። አልተቀየምኳቸውም። ቆርቆሮው አሁን እየተመታ ነው። ሠራተኞቹ በድምፁ የሚረበሽ ሰው እዚህ ስለሌለ የፈለጉትን ያህል ይመታሉ። ሦስተኛ ክፍል ሸራውን አጥፎ ገብቷል፤ ከእንግዲህ የሚዘለል ልጅ የለም። እኔም እዚያው ጣሪያ ሥር ቆሜ አስተምራለሁ፤ የተቃወምኩት ጣሪያ ነው ብዬ ውጭ አልቆምም።

ይቅርታ ጠይቀኸኛል። የእኔ ቀላል ነው፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ዶርቃን ግን አታጣድፋት። ሰሃን ይዛ መውጣቷን አስቀድመህ አትቁጠረው።

ከአንተ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ ጻፍልኝ። ከሥራ ወጥተህ ወደ በረሃው ትነሣ በነበረበት ሰዓት ተቀምጠህ ጻፍ። ቁም ነገር አይጠበቅብህም፤ ስለ ጎረቤትህም ቢሆን ጻፍ። እኔ ብዙ የማነበው የለኝም።

የሺሃረግ


ሎስ አንጀለስ፣ ሐሙስ፣ ጁላይ 9 ቀን 2015

እትዬ የሺሃረግ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ?

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ መጣሁ። የመኪናው ቁልፍ ዶርቃ ጋ ነው፤ እሷና ኤልያና ገበያ ሄደዋል። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ሙቀት ነው። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ።

የምጽፈው ነገር የለኝም። እጄ መቀመጥ አልወደደም፤ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ውኃ ጠጣሁ። አንዴ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ይህን ስነግርዎ ግን አሥር መስመር ያህል መጻፌን አየሁ።

አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ አላይም። ገና ብርሃን ነው፤ መንገዱም በመኪና ተሞልቷል።

ሌላ ምን ልበልዎ። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር አንድ ሰው አለ፤ ቫዮሊን እየተማረ ነው፤ ዓመት ሆነው፣ አንድም ዜማ ጨርሶ አያውቅም። ስለ እሱ ልንገርዎ።